በማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ የተቀመጡ ድንጋዮች

ጥቅምት 14 ቀን

እትዬ፣

አዎ፣ እኔ ነበርኩ።

ይህችን መስመር ከጻፍኩ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱ ላይ ሳፈጥ ነው የከረምኩት። ሰላምታ ላስቀድም ብል አሳፈረኝ። ከተማሽ ድረስ መጥቶ በርሽን ሳያንኳኳ የተመለሰ ሰው ስለ ጤናሽ ቢጠይቅ ማን ያምነዋል? «አንተ ነበርክ ወይ?» ብለሽ የጻፍሽልኝ፣ ልጅሽ የነገረችሽ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ከሁሉም ኋላ የሚጎተት፣ ሳይጠይቁት የሚያርም ሰውዬ እኔው ነኝ።

አመጣጤ ለሥራ ነበር። ከእናንተ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ አንድ ድልድይ እየለካን ነው። ቅዳሜ ሥራ ስላልነበረ ጋዜጣ ልግዛ ብዬ ወጥቼ እግሬ ይዞኝ መናኸሪያ ሄደ። ትኬት ቆራጩ «ወዴት ነህ?» ሲለኝ የከተማችን ስም አፌ ውስጥ ተሰነቀረ። ሃያ ሦስት ዓመት ጮክ ብዬ አልጠራሁትማ።

ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ስደርስ አሥር የሚሆኑ ጎብኚዎች ደረጃው ላይ ተሰብስበዋል። አስጎብኚዋ ፊቷን ስታዞር ልጅሽ መሆኗን አወቅኩ። ከመናገሯ በፊት እንዳንቺ ከንፈሯን ትጫናለች። እኔ ስሄድ ጥርስ እንኳ ያላወጣች ልጅ፣ አሁን ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «እንኳን ወደ ከተማችን በደህና መጡ» ትለኛለች። «እንኳን ደህና ቆየሽኝ» ልላት ምንም አልቀረኝም።

አደባባዩ እንዳለ ነው። ፈረሰኛው ሐውልት አሁንም ግራ እጁ የለም። ልጅሽ እጁ በመብረቅ ተመትቶ እንደወደቀ ስታስረዳ ሳቄን ዋጥኩት። እኔን «ሳይታጠብ ስለበላ ነው የተቆረጠው» ብለሽ ስንት ዓመት እጅ አስታጥበሽኛል! የድሮው የውኃ ጉድጓድ በመስተዋት ተከድኖ ከውስጡ መብራት ተደርጎለታል። በጦርነት የወደቁት ሰዎች ስም የተቀረጸበት ጥቁር ድንጋይ ግን ምንም አልተነካም። ጎብኚዎቹ ፎቶ ሲያነሡ እኔ ከታች ያሉትን ስሞች በጣቴ ነካካሁ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ እዚያ ላይ አይደል? ጣቴን ይዘሽ በቅርጹ ውስጥ ትነጂው ነበር። የአጎቶቻችንን ስም ሳላውቅ የእነዚያን ሰዎች ስም አውቅ ነበር።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባን። የምክር ቤቱ አዳራሽ ወለል ዛሬም ያብረቀርቃል። አባባ ሰም ቀብቶት እግራችን ላይ ጨርቅ ያስርልንና «በሉ ተንሸራተቱ፣ ደመወዛችሁን ሥሩ» ይለን የነበረው ትዝ ይልሻል? አንቺ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ እኔ የከንቲባው ወንበር ሥር። አሁን በገመድ ታጥሯል። «እባካችሁ ወለሉን አትርገጡት» አለች ልጅሽ። ቆሜ ጫማዬን አየሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኔ የንድፍ ጠረጴዛ በነበረበት መስኮት አጠገብ ፎቶ ኮፒ ማሽን ቆሟል።

መጨረሻ ላይ ወደ መንገዱ ወሰደችን፣ የድሮው በር ወደነበረበት። መኪናው ሽው እልም ይላል። «እዚህ ላይ» አለች፣ «ከተማው ሲቆረቆር የተሠራ የድንጋይ በር ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። ቅስቱ ከፍታው አምስት ሜትር ገደማ ነበር።»

«አምስት ሜትር ከሰባ ሁለት» አልኳት። አፌ አመለጠኝ።

ሳቀች። «መሐንዲስ ነዎት እንዴ?»

«አይ፣ እንዲሁ ሰምቼ ነው።»

ማን እንዳፈረሰው አልተናገረችም። እንድትዘለው አንቺ ነግረሻት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወደ ጓሮ ይዛን ዞረች፤ ድሮ እኛ እንኖርባቸው ከነበሩት ሁለት ክፍሎች አጠገብ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ የበሩ ድንጋዮች ቁጥር ተጽፎባቸው ተደርድረዋል። «ቁጥሩን የጻፉት አያቴ ናቸው» አለች። «የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛና ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ።» ጠጋ ብዬ አንዱ ላይ የአራትን ቁጥር አየሁ። አባባ አራትን የሚጽፈው እንደተገለበጠ ወንበር ነበር። እዚያው ተቀመጥኩ። አንዲት ሴትዮ ውኃ ሰጡኝ።

እሺ፣ ለምን አላንኳኳሁም? ሰፈርሽ መጥቻለሁ። ደጅሽ ቆሜያለሁ። ከውስጥ ሬዲዮ ለጎረቤት ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ያወራል፤ ጆሮሽ እንደደከመ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እጄን አነሣሁ፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈራሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ ካረፈ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆን በዓመት ሁለት ሦስቴ ትጽፊልኛለሽ። ስለነዚያ ድንጋዮች አንድም ቀን ያላነሣሽልኝ ለምንድን ነው?

ወንድምሽ


ጥቅምት 27 ቀን

አንተ ሰው፣

መጀመሪያ ልቆጣህ፤ ሰላምታው ከተረፈኝ እሰጥሃለሁ።

ትኬት ቆርጠህ አባትህ ቤት እንደ እንግዳ ትገባለህ? ወለሉን ያብረቀረቅክበትን ቤት «አትርገጥ» ስትባል ዝም ትላለህ? ደግሞ ደጄ ድረስ መጥተህ! ያን ዕለት ውስጥ ቁጭ ብዬ የአንሶላ ጠርዝ ስሰፋ ነበር። ግድግዳ ነው የለየን። ደብዳቤህን አንብቤ ወጥቼ ደጁን አየሁት፤ እግርህ የቆመበትን የማገኝ ይመስል። ጎረቤቴ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። «ወንድሜ» አልኳት። ቀልድ መሰላት።

ይኸው ተቆጣሁ። አሁን ደህና ነህ ወይ? ሚስትህ፣ ልጅህ ደህና ናቸው? እኔ ከጡረታ በኋላ እንቅልፍ አብዝቻለሁ። ጆሮዬ እንዳልከው ነው፤ ለጉትቻ መስቀያ ካልሆነ ለሌላ አይረባም። ስልክ ቢደወልልኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ከማለት ውጪ ስለማልፈይድ ደብዳቤው ይሻለናል።

እንዴት እንዳወቅኩህ ልንገርህ? ልጄ እራት ላይ ስለ ቀኑ ስታወራኝ ነው። እያየኋት አፏ «ሰባ ሁለት» አለ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። በዚህች ምድር ላይ ያን ቅስት እስከ ሴንቲሜትሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው። «ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?» አልኳት። «አለው፤ ምነው ታውቂዋለሽ?» አለች። ከደረጃው ስትወድቅ ይዤህ ወደ ሐኪም የሮጥኩት እኔ አይደለሁ? አንተ መሆንህን ነገርኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ «ለምን አልጠረጠርኩም» ብላ ራሷንም አኩርፋለች። አንተን እንድትዘል ግን ማንም አልነገራትም። ስለማታውቅ ነው፤ እኔም በወጉ አላውቅማ።

ስለ ድንጋዮቹ ያልጻፍኩልህ አንተ በደብዳቤህ አባባን አንስተህ ስለማታውቅ ነው። አንድ ቁስል ላይ ሌላ ልጨምርብህ አልፈለግኩም። አሁን ካየሃቸው ግን ልንገርህ። በሩ ሊፈርስ ሳምንት ሲቀረው አባባ ነጭ ቀለም በጣሳ ገዛ። ማንበብ እንደማይችል ታውቃለህ፤ ቁጥር ግን ከቁልፎቹ ላይ ተምሯል። «አባ ቁልፉ» ይሉት የለ? ጎሕ ሲቀድ መሰላል ያቆምና ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይጽፋል። የሠራተኞቹ አለቃ መጥቶ «እኛ ከላይ ነው የምንጀምረው፣ አንተ ከታች ትቆጥራለህ?» ብሎ ሳቀበት። አባባም «እናንተ ለማፍረስ ነው፤ እኔ ለመሥራት ነው የምቆጥረው» አለው። ሰውየው ከዚያ በኋላ አልሳቀም። እንዲያውም ድንጋዩን በገመድ እያሰረ ቀስ አድርጎ ያወርድለት ጀመር።

አሁን ምክር ቤቱ በሩ እንደገና ይሠራ ብሎ ወስኗል። መንገዱ ላይ ሳይሆን ከድሮው ፍርድ ቤት ጎን፣ ባዶው ሜዳ ላይ። አዲሷ መሐንዲስ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን ከስልሳ በላይ ድንጋይ ላይ ቁጥሩን ዝናብ አጥቦታል። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ንድፍ የለም፤ መዝገብ ቤቱን እኔው ራሴ ሄጄ አገላብጫለሁ። አንተ ዘንድ አለ? ካለ ላከው።

ደግሞ አንተና አባባ የተጣላችሁበትን ነገር እስከዛሬ በሰው አፍ እንጂ ባንተ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ሞላህ፤ እስኪ ንገረኝ።

እኅትህ


ኅዳር 21 ቀን

እትዬ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ። ሥራ በዛብኝ ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ ተውኩት።

ንድፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ስሄድ መዝገብ ቤት ሳላስገባ ይዤው ወጣሁ። ከቤት ቤት ስዛወር ስንት ዕቃ ጠፍቶብኛል፤ ያ የቆርቆሮ ቱቦ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ስድስት ወረቀት ነው፤ ከነገ ወዲያ በፖስታ እልከዋለሁ። እያንዳንዱ ድንጋይ አለበት። ቅስቱን የሚዘጋው የመሀል ድንጋይ በስተግራ ትንሽ ስንጥቅ እንዳለው ሳይቀር ሥዬዋለሁ፤ መሐንዲሷ በእሱ ትለየዋለች።

የጠየቅሽኝን ደግሞ ይኸው።

ሰው ሁሉ መንገዱ የሚያልፍበትን መስመር ያሰመርኩት እኔ ስለሆንኩ አባባ የተቀየመኝ ይመስለዋል። እንደሱ አይደለም። የቴክኒክ ክፍሉ ትንሽ ንድፍ ሠሪ ነበርኩ፤ እኔ እንቢ ብል ሌላው ያሰምረው ነበር። ይህን አባባም ያውቃል። የኔ ጥፋት ሌላ ነው።

አለቃዬ «ከመፍረሱ በፊት ለመዝገብ እንዲሆን ለካው» አለኝ። ሜትር የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም፤ አባባ መጥረጊያውን አስቀምጦ «እኔ ልያዝልህ» አለ። አንድ ወር ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ የሜትሩን አንድ ጫፍ እሱ ሌላውን እኔ ይዘን ለካን። «ለምንድን ነው የምንለካው?» ሲለኝ ዝም አልኩ። አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልኩት። እሱ ራሱ መልሱን አገኘለት። በዚያ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ፖስተኛውን፣ ዳኞቹን ሳይቀር እያስቆመ «ልጄ በሩን ሊያድስ ነው!» ይል ነበር። ሰዉም «ይባረክ፣ ወንድ ልጅ ወለድክ» ይለዋል። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ቁጥር እጽፋለሁ። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ደስታው ደግሞ በየቀኑ ይጨምራል።

የሚፈርሰውን ለመለየት ቀይ ቀለም የቀቡት ዕለት ከሰው ሰማ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ፤ እየሠራ ካልሆነ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ወረቀቱን አየ። አልጮኸም። «ሜትሩን ያስያዝከኝ ለዚህ ነው?» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወርዶ ሄደ። ሁለት ወር አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን አላናገረኝም። «ጨው አቀብለኝ» እንኳ ባንቺ በኩል ነበር የሚለኝ፤ ታስታውሺያለሽ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣም ደረጃ እየጠረገ ነበር፤ እንዳልፍ መጥረጊያውን ሰብሰብ አደረገልኝ። ያ ነው መሰነባበቻችን።

ስለዚህ ለምን አልመጣህም አትበዪኝ። ሲታመም አልጠራኝም፣ ሲሞትም አልጠራኝም፤ አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ። ልክ ነበረ። ንድፉን ውሰዱ፣ ስሜን ግን የትም እንዳታስገቡት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ወንድሜ፣

ወረቀቶቹ ደርሰዋል። መሐንዲሷ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንዲህ የሚሥል ሰው አሁን አለ?» አለችኝ። የጠፉትን ቁጥሮች ባንተ ንድፍ አንድ በአንድ እየለየች በኖራ እየጻፈችባቸው ነው። ልጄም ከሥራ ስትወጣ ትረዳታለች።

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። የተበላሸ ጽሕፈቴን ይቅር በለኝ፤ ሌላውን ይቅር በለኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም።

አባባ ጠርቶሃል።

ማንንም ሳይጠራ በሰላም አረፈ ብዬ የጻፍኩልህ ከልቤ ፈጥሬ ነው። ሦስት ቀን ነበረን። የመጀመሪያው ቀን «ጥሪው» አለኝ። ቴሌ ሄድኩ፣ የቴሌግራም ቅጹን ሞላሁ፣ አድራሻህን ጻፍኩ። ሰልፍ ነበረ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ንዴቴ መጣ። ምን እንዳናደደኝ ልንገርህ፤ ከዚያ ፍረድ። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ዓመት ሆኖታል፣ ልጅ አለችኝ፣ ቀን መዝገብ ቤት እሠራለሁ፣ ከሥራ መልስ አባባን አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ። አንተ ደግሞ በዚያው ሰሞን በላክልኝ ደብዳቤ የባሕሩ ነፋስ ለጤና ተስማምቶኛል ብለሃል። ሰልፉ ላይ ቆሜ እሱ ትዝ አለኝ። «ይህ ሁሉ አልፎ አሁን መጥቶ አልቅሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የተወደደው ልጅ ሊሆን ነው?» አልኩ። ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ነገ እልከዋለሁ አልኩ። በማግሥቱም ነገ አልኩ።

ከቀብር በኋላ ሞቱን መዝገቡ ላይ ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ ሥራዬ ነበረ። «የልጆች ብዛት» የሚል ቦታ አለ። ሁለት ብዬ ስጽፍ ብዕሩ ቆመብኝ። በአጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ ኀዘን መስሏት ውኃ አመጣችልኝ። ከዚያ አንተ «ጠርቶኝ ነበር?» ብለህ ጻፍክልኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ብነግርህ ታጣኛለህ ብዬ ሳይሆን አጣሃለሁ ብዬ ፈራሁ። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ ደግሞ ዓመቱ ዓመት ወለደ።

አንተ ዝም ማለትህን ስትጽፍልኝ እኔ እንዴት ዝም ልበል?

እኅትህ


የካቲት 6 ቀን

ወንድሜ፣

መልስ እንዳልላክህ አውቃለሁ። ፖስተኛው በሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል፤ አሳዝኜው ነው መሰለኝ። ላስቸኩልህ አይደለም የምጽፈው።

ሁለቱ ምሰሶዎች ቆመዋል። ሁለት ድንጋይ ጠፍቶ ነበር፤ አንደኛው የዳቦ ጋጋሪው ቤት ደፍ ሆኖ ተገኘ። ልጁ «አባቴ ነው ያመጣው፤ ውሰዱት» አለ፤ ሌላውን ድንጋይ ጠራቢው አዲስ ጠረበው። ሽማግሌዎች ወንበር እያመጡ ፍርድ ቤቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሥራውን ያያሉ። እኔም አልፎ አልፎ እቀመጣለሁ። እርስ በርሳቸው የድሮውን ያነሣሉ፤ ማን በዚያ በር ሥር ተዳረ፣ ማን ከዝናብ ተጠለለበት። አባ ቁልፉንም ያነሡታል። ግማሹ ስለማይሰማኝ የፈለግኩትን እሞላበታለሁ።

ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፤ ደህና መሆንህን ብቻ በአንዲት መስመር ጻፍልኝ።

እኅትህ


የካቲት 23 ቀን

እትዬ፣

ደህና ነኝ።

አልሰድብሽም። ስድብ ፈልጌ ነበር፤ በልክሽ የሚሆን አጣሁ። ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን ከቤት ወጥቼ እስከ ወደቡ ሄጄ ተመለስኩ። ለባለቤቴ ሳምንት ሙሉ አልነገርኳትም። ስነግራት «እኅትህ ብቻዋን ነበረች» አለች። ለምን ለእሷ ታዳያለሽ ብዬ እሷንም ተጣላኋት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተጠራ ልጅ ሆኜ ነው የኖርኩት። ይህ እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፤ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ልጄ የተወለደ ጊዜ በአባባ ስም ልጠራው አስቤ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ቅጹን ይዤ ቆሜ፣ እኔን ላልጠራ ሰው ስሙን ምን ብዬ እወስዳለሁ አልኩና ነርሷ ያለችውን ስም ጻፍኩ። ነርሷ እኮ ናት ስም ያወጣችለት! ይህንን አንቺ አላደረግሽውም፤ ግን ካንቺ ቃል ነው የመጣው።

በሌላ በኩል ሳስበው ደግሞ እኔ አራት ዓመት ሙሉ ሳልጠራ መምጣት እችል ነበር። እግር አልነሣኝም። የአውቶቡስ መንገድ ነው።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ምን ብሎ ነው የጠራኝ? ቃሉን ጻፊልኝ፤ አታሳምሪው።

ወንድምሽ


መጋቢት 4 ቀን

ወንድሜ፣

አላሳምረውም። ያልሰማሁትንም አልጨምርበትም፤ ያን ጊዜ ጆሮዬ ደህና ነበር።

ማክሰኞ ነው፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ከቢሮ ሮጬ መጥቼ ሾርባ አሙቄ ላጎርሰው ቀና ሳደርገው ዓይኑን ከፈተ። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን አልተናገረም ነበር።

«ያ ልጅ አልወረደም?» አለ።

«የቱ ልጅ አባባ?»

«ላይ ነዋ ያለው። ሲሥል ሰዓት አይታየውም። ጥሪው፤ ምሳው ቀዘቀዘ በይው።»

«እሺ» አልኩት።

«እኔ ነኝ የላክኋት በይው» አለ። «ካልሆነ አይወርድም።»

ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ወስዶ ሌላውን በእጁ ገፋው። «ለእሱ ይቆይ» አለኝ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት «መጣ?» አለኝ። «እየመጣ ነው» አልኩት። በሦስተኛው ቀን አልጠየቀኝም።

ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለም። ይቅር ብዬዋለሁ አላለም። አእምሮው በሩ ገና ሳይፈርስ ወደነበረበት ጊዜ ተመልሶ ይሁን፣ ወይስ ሁሉን እያወቀ እንዲያ ማለቱ ይሁን አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰልፉ ላይ ቆሜ ራሴን ያታለልኩትም በዚህ ነው፤ «አእምሮው ስለሄደ ነው እንጂ እሱን ፈልጎ አይደለም» እያልኩ። ልምልልህ አልችልም። ምሳህ እንዲቆይልህ ማለቱን ግን እምልልሃለሁ።

የቅስቱ መዝጊያ ድንጋይ ባለፈው ሐሙስ ገባ። መሐንዲሷ እንዳንተ ንድፍ ስንጥቁን ወደ ግራ አድርጋ አስገባችው። ምርቃቱ ለሚያዝያ መጨረሻ ተቀጥሯል። ና አልልህም፤ ልልህ መብት የለኝም።

እኅትህ


መጋቢት 15 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ነው ያነበብኩት፤ መሥሪያ ቤት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ። ባልደረቦቼ ተመልሰው ሲመጡ እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። «ምነው፣ ምሳ አልበላህም?» አሉኝ። እንዴት እንደሳቅኩ፣ ሳቁም ወደ ምን እንደተለወጠ አልነግርሽም። አንዱ በሩን ዘግቶልኝ ወጣ።

ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አላውቅም ብለሻል። እኔም አላውቅም። ማወቅ የምችለውን ያህል ግን አሁን አውቄያለሁ፤ ይበቃኛል።

አንቺን ተቆጥቼሻለሁ፣ ቁጣዬም አላለቀም። ነገር ግን እዚህ ሆኜ ግድግዳ ላይ ከምቆጣ መጥቼ ፊት ለፊትሽ ብቆጣ ይሻላል፤ አንቺም መልሰሽ ትቆጪኛለሽ፣ ለባሕሩ ነፋስ ያለብኝን እቀበላለሁ። ልጅሽንም ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ አጎቷ እንደ ባዳ ቆሞ ሲያርማት መዋሉ ነውር ነው።

ለምርቃቱ አይደለም የምመጣው። ንግግርና ጭብጨባ አልችልም። የመጪው ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ባለቤቴና ልጄም አብረውኝ ናቸው። መናኸሪያ ወጥታችሁ እንዳትጠብቁን፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።

አውቶቡሱ ስድስት ተኩል ይደርሳል ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘገያል። እናንተ በልታችሁ ጠብቁን ማለት አልቻልኩም። እትዬ፣ ምሳ አቆዪልኝ።

ወንድምሽ